ኤሞሲ እህቱን ያናገረ ዕለት

በእኛ የባሕር ዳርቻ ኤሞሲ ጎንበስ ብሎ ያላየው ራስ የለም ብል አላጋነንኩም። ራስ ደግሞ እንደ እጅና እንደ እግር አይደለም፤ የሰው ክብሩ የተቀመጠው እዚያ ላይ ነው፣ ዝም ብሎ አይነካም። ኤሞሲ ግን እንጀራው ሆነና ይነካል። ነርስ ነው። ከተማ ውስጥ የቆዳ ሐኪሞችና የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ተባብረው ለያዙት ጥናት ይሠራል። ማጉያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጓንቱን ኪሱ ከትቶ፣ በሞተር ጀልባ ከመንደር መንደር ይዞራል። ሽማግሌ ፊት ሲደርስ መሬት ላይ ቁጭ ይልና መዳፎቹን አጉብጦ በቀስታ ያጨበጭባል። "ይቅርታዎን፣ ወደ ላይ ልደርስ ነው" ይላል። ፀጉር የሚገልጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የእሱ አባትና የእኔ እናት ወንድምና እህት ናቸው። እንዲህ የተወለዱ ዘመዶች ታቫሌ ይባላሉ፤ ታቫሌውን አይቶ ሳይሰድብ ያለፈ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል። ስለዚህ ጀልባው ገና ከሩቅ ብቅ ሲል እኔ ከዳር ቆሜ፣ "ቅማል ለቃሚው መጣላችሁ" እላለሁ። እሱም፣ "ያንተን ጭንቅላት አልፌዋለሁ፤ ቅማሏ ራሷ ረሃብ ፈርታ ለቃለች" ይለኛል። ሰው ይስቃል። እንዲህ ነበርን።

ይህ ሁሉ ሰው የታየበት የኤሞሲ መነጽር ታዲያ የአንድ ሰው ራስ አላየም። የገዛ እህቱን፣ የሎሳናን።

ሎሳና ታላቁ ናት። ስትወለድ ፀጉሯ ነጭ፣ ቆዳዋ እንደ ኮኮናት ወተት፣ ዓይኗ ብርሃን ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ሆና ተወለደች። በእኛ ዳርቻ እንዲህ ሆኖ የሚወለድ በየትውልዱ አይጠፋም፤ አንደነግጥም። ጠላቷ ሰው አልነበረም፣ ፀሐይ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች ባሕር ዳር ሲንጫጩ እሷ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፤ ኤሞሲ ደግሞ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ ጀርባዋ ላይ ነው። ሲያድግ ከባሕሩ ያገኘውን ሁሉ፣ ሸርጣኑን፣ ዛጎሉን፣ የሞተ ዓሣውን ሳይቀር እየሮጠ ጥላው ሥር ያራግፍላታል። እሷም እያንዳንዱን ታመሰግናለች፤ የሞተውንም ዓሣ።

ከዚያ ድምፁ መጎርነን ጀመረ። አንድ ቀን እናታቸው ሁለቱን አስቀምጣ፣ አድጋችኋል አለቻቸው። በቃ። በእኛ መንደር ያደጉ ወንድምና እህት አይነጋገሩም። ጠብ አይደለም፤ ክብር ነው፣ ከክብርም የመጨረሻው። እሱ በአንዱ በር ሲገባ እሷ በሌላው ትወጣለች። በአንድ ሰሌን ላይ አይቀመጡም፤ አንዱ የሌላውን ስም አይጠራም። አንዱ ለሌላው የሚለው ነገር ካለ በሦስተኛ ሰው በኩል ያደርሳል።

አባታቸውን ባሕር በላው፣ እናታቸውም ተከተለች። ሎሳና አላገባችም። በወላጆቿ ቤት ሰሌን እየሠራች ኖረች፤ የእሷን ሰሌን ያላነጠፈ ሙሽራ በመንደሩ የለም። ኤሞሲ ጎኗ ቤት ሠርቶ ታቫይታን አገባ። ነርስ የሆነው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድም ሰው ግን ተናግሮት አያውቅም። ከከተማ ሲመጣ ሰፊ ባርኔጣና ለፀሐይ የሚቀባ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥና ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ይሄዳል። እሷ ኮቴው ሲርቅ ወጥታ ታነሳለች። በነጋታው ጎደሬና በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በታቫይታ እጅ እሱ ቤት ይገባል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ የሚዋደዱ ወንድምና እህት አላየሁም፤ ሳይነጋገሩ።

ስለ ጥናቱም ልንገራችሁ። ቆዳ ላይ የሚወጣውን ትንሹን ነገር በብርድ ያቃጥሉታል፤ አደግ ያለውን ይቆርጡታል። ሥር የሰደደው፣ ዝም ብሎ ቢቆርጡት ተመልሶ የሚመጣው ካንሰር ግን አስቸጋሪ ነው። ለእሱ መጀመሪያ በደም ሥር መድኃኒት እየሰጡ የሰውነቱን ጠባቂዎች ይቀሰቅሳሉ፤ እብጠቱ ሲሟሽሽ ያኔ ይቆርጡታል። ወዲያው ከመቁረጥ ይሻል እንደሆነ ሊያውቁ ነው ጥናቱ። ኤሞሲ በየመንደሩ ይህን ሲያስረዳ አንዲት ቃል አይለውጥም፦ "ሊጠቅም ይችላል፣ ላይጠቅምም ይችላል። እምቢ ብትሉ ማንም ፊቱ አይጠቁርባችሁም፤ ሕክምናችሁም አይቀርም።" እኔ በቃሌ ይዤው ያንጎና የሚባለውን የሥር መጠጣችንን በምንጠጣበት ጊዜ እየደገምኩ አስቅበታለሁ። ኩባያውን ለሰው እየሰጠሁ፣ "ሊያሰክር ይችላል፣ ላያሰክርም ይችላል" እላለሁ።

ኤሞሲ ለምርመራ ወደ መንደራችን የመጣበት ቀን ነው ነገሩ የተበላሸው። ለወትሮው የእኛን መንደር የምታየው ሌላ ሴት ነርስ ናት፤ ኤሞሲ ራሱ ለምኖ ያስደረገው ነው። በዚያ ሰሞን ግን እሷ በትኩሳት ተኛች። ጀልባው ነዳጅ ሞልቷል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ኤሞሲ ብቻውን መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው አዳራሽ ሞላ። ነጭ ሆነው የተወለዱት ሦስቱ ልጆች ከነእናቶቻቸው መጡ፤ እኔም ምንም ሳይኖርብኝ ለቀልድ ተሰለፍኩ። ሎሳና አልመጣችም። ለምን ትመጣለች? ወንድሟ ፊት ሻሿን ፈታ ራሷን የምታሳይ ሴት ከየት ትገኛለች? ማንም የት ናት ብሎ አልጠየቀም፤ እሱም ራሱ አልጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ጀልባ ላይ ሲጭን ነፋስ ተነሳ። ሎሳና አሸዋው ላይ ያደረቀችውን የሰሌን ቅጠል ልትሰበስብ ወጥታ ነበር፤ ነፋሱ ባርኔጣዋን ወሰደው፣ ሻሿንም ወደ ኋላ ገለጠው። ኤሞሲ ያየው ለአፍታ ነው። ከግራ ጆሮዋ ኋላ፣ ነጩ ፀጉር መሐል፣ ቀይ ሆኖ ጠርዙ የተነሳ፣ መሐሉ የሻከረ ነገር። ፊቱን ወዲያው ወደ ባሕሩ አዞረ። ወንድም እንደሚያደርገው ነው የዞረው፤ ያየው ዓይን ግን የነርስ ዓይን ነበር።

ጀልባውን አስቁሞ ወደ ቤቱ ሮጠ። ታቫይታን ወደ ጓዳ ጠርቶ፣ በሚቀጥለው ጀልባ እህቴ ከተማ ትምጣ፣ ሐኪሞቹ ይዩአት፣ ቀልድ አይደለም በያት አላት። ለእኔ አልነገረኝም፤ የሴት ራስ ጉዳይ በሴት ነው የሚሄደው። ልኩን ነው ያደረገው። በእኛ ሥርዓት ከዚህ የቀረበ መልእክተኛ የለም፤ የወንድም ሚስት ናት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በወንድም ሚስትና በባል እህት መካከል ያለው ወግ እንደ እኔና እንደ ኤሞሲ ነው፤ ስድብና ሳቅ ብቻ። ታቫይታና ሎሳና ደግሞ በዚህ ከዳርቻው አንደኞች ናቸው። ባለፈው ዓመት ታቫይታ ሎሳናን፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ፓስተር ስለ አንቺ ጠይቋል፣ በቅዳሜው ጀልባ ይመጣል ብላ አሳምናት ነበር። በልጆቿ ምላ። ሎሳና ፀጉሯን ዘይት ቀብታ፣ አበባ ሰክታ፣ ወደብ ላይ ወጥታ ቆመች። ጀልባው መጣ። የወረደው ዱቄትና አንድ አሳማ ነበር። መንደሩ አንድ ወር ሳቀ። ሎሳናም አልቀረላትም፤ የታቫይታን ትራስ ተርትራ የሸርጣን ቅርፊት ሞልታ ሰፋችላት።

እንግዲህ መልእክቱን ይዛ የሄደችው ይህች ታቫይታ ናት። ሎሳና በረንዳዋ ላይ ቅጠል እየሰነጠቀች ነበር። ታቫይታ አጠገቧ ተቀመጠችና አፏ እንደለመደው ጀመረ።

"ዋርሳዬ፣ ከጆሮሽ ኋላ የተለጠፈው ምንድን ነው? እንደ አሮጌ ጀልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ወጣብሽ?"

"ጀልባ ብሆን ኖሮማ እስካሁን አንድ ወንድ ይቀዝፈኝ ነበር" አለች ሎሳና፣ ቀና ሳትል።

ታቫይታ ሳቀች። ባትስቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ማን ይችላል? ሳቋን ጨርሳ ፊቷን ሰብሰብ አደረገች። "የምሬን ነው። ባሌ አይቶታል። በሚቀጥለው ጀልባ ከተማ ሂጂ፣ ሐኪሞቹ ይዩሽ ብሏል።"

"ባለፈውም የምርሽን ነበር። ፓስተሩ ደኅና ነው?"

"በልጆቼ እምልልሻለሁ።"

"በልጆችሽ የማልሽበት ሰውዬ በአራት እግሩ ከጀልባ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ደግሞስ ወንድሜ የእኔን ራስ አየ ትያለሽ? እንዲህ ያለ ውሸት ስትፈጥሪ ትንሽ አታፍሪም?"

ታቫይታ እጇን ይዛ ለመነቻት። በለመነቻት ቁጥር ሎሳና ይበልጥ ሳቀች፤ ምክንያቱም በአሳማውም ጊዜ ታቫይታ እንዲሁ እጇን ይዛ ነበር። በመጨረሻ ሎሳና፣ "እሺ፣ ነጭ የሠርግ ቀሚስ ግዢልኝና እመጣለሁ" አለች።

ኤሞሲ በስልክ ሲጠይቅ ታቫይታ፣ ነግሬያታለሁ፣ እመጣለሁ ብላለች አለችው። አልዋሸችም። ሎሳና እመጣለሁ ብላለች። ቀሚሱን ግን ለባሏ አላወራችለትም፤ ቀልድ ነዋ፣ የሴቶች ቀልድ ለወንድም አይነገርም።

ኤሞሲ ከተማ ወደብ ላይ ጠበቃት፤ አልመጣችም። በሌላው ጀልባ ይሆናል አለ። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። የእኛን ወደብ ሰበረው፣ ጣሪያ ወሰደ፣ ጎደሬውን ከሥሩ ነቀለ። ኤሞሲ ድንኳንና መድኃኒት ይዞ ራቅ ወዳሉ ደሴቶች ተላከ። ስልክ ሲገኝ ደውሎ እህቴስ ይላል። ታቫይታም፣ ደኅና ናት፣ ስታስቀኝ ነው የምትውለው ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ሎሳና ያን ጊዜ ሁሉ ስታስቃት ነበር። ሻሿን ብቻ ሁለት አድርጋ ማሰር ጀምራለች። ሲታመምባት የኮኮናት ዘይትና የቅጠል ጭማቂ ታደርግበታለች፤ ለማንም አትናገርም።

ኤሞሲ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን እንቀመጣለን። ኤሞሲ ወፍራሙን ድምፅ ነው የሚዘምረው፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ነፋሱ ከሴቶቹ ወገን ወደ እኛ መጣ፤ ከአበባው ዘይት ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበረው። እኔ የሞተ አይጥ መሰለኝ። ኤሞሲ መዝሙሩን ከመሐሉ አቋረጠ። ዞሬ ሳየው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ያን ሽታ ከሥራው ያውቀዋል። ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ፤ በሎሳናና አጠገቧ በተቀመጡት ሴቶች መካከል ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቤቱ አልሄደም። የጎሳችን ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ለመነ። የዓሣ ነባሪ ጥርስ የሚቀርበው ለትልቅ ነገር ነው፤ ሚስት ሲጠየቅ፣ ሰው ሲሞት፣ በደል ሲታረቅ። ሽማግሌው ምን አጠፋህ አሉት።

"ገና ላጠፋ ነው።"

"ሰው ካጠፋ በኋላ ነው ጥርስ የሚይዘው፣ ልጄ።"

"እኔ ቀድሜ ልያዘው" አለ ኤሞሲ።

ሽማግሌው ጥርሱን ከግድግዳው አውርደው ሰጡት። ኤሞሲ ምስክር እንድሆነው እኔን ጠራኝ። ወደ ሎሳና ቤት ስንገባ ታቫይታ እዚያው ነበረች፣ እሳት እያነደደች። ሎሳና የወንድሟን ኮቴ ሰማች፣ እንደ ልማዷ ተነሳች፣ ወደ ጓሮው በር ሄደች። አንድ እግሯ ደፉን እንዳለፈ፦

"ሎሳና፣ አይውጡ" አለ ኤሞሲ።

ስሟን ነው የጠራው። ታቫይታ የያዘችው እንጨት ከእጇ ወደቀ። ሎሳና ፊቷን ወደ ውጭ እንዳደረገች ቆመች፤ አልወጣችም፣ አልተመለሰችም። ኤሞሲ በሩ ሥር፣ ከሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ተቀመጠና ጥርሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ይህ ለመናገሬ ነው" አለ። "ለእሺታዎ አይደለም። ጥርሱን ተቀብለው እምቢ ማለት ይችላሉ።"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጥርስ ከተቀበሉ እምቢ የለም፤ ጥርስ ማለት ያ ነው። ነገር ግን ኤሞሲ ስንት መንደር ዞሮ፣ እምቢ ብትሉ ማንም ፊቱ አይጠቁርባችሁም ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ጥርሱን ለልመና ቢያቀርብ እህቱን ማሰሩ እንደሆነ ያውቃል። እና ሁለቱንም ሊጠብቅ ሞከረ። ለእንግዳ ሰው እንደሚያስረዳው አስረዳት፦ ያለባት ካንሰር ሊሆን እንደሚችል፣ መድኃኒቱን፣ ቢላዋውን፣ ሊጠቅም እንደሚችል፣ ላይጠቅምም እንደሚችል።

ሲጨርስ ሎሳና ግድግዳውን እያየች፣ "እና ምን ላድርግ?" አለች።

"እሱን እኔ ልነግርዎ አልችልም።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ኖሩ" አለች፣ በዝግታ። "ዛሬ አፍዎ ተከፈተ። ተከፍቶም ልነግርዎ አልችልም ይላል?"

ኤሞሲ ግንባሩ ሰሌኑን እስኪነካ አጎነበሰ። "እንዲኖሩ እፈልጋለሁ" አለ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ሎሳና ተመልሳ ቁጭ አለች። ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር እጇን ዘርግታ ጥርሱን ተቀበለችና አጨበጨበች። "እሄዳለሁ" አለች። ከዚያ ወደ ታቫይታ ዞረች። "አንቺስ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለች ታቫይታ። ያን ቀን ታቫይታ ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ሎሳና ደግሞ እንዴት እንደምታባብላት ጨነቃት፣ እስከዚያ ቀን ከቀልድ ሌላ ተባብለው አያውቁማ።

ከተማ እንደደረሱ ኤሞሲ ራሱ ሄዶ ለዶክተር ኒርማላ ተናገረ። ዶክተር ኒርማላ ጥናቱን የምትመራ የሕንድ ዘር ያላት፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ወንድሟ ነኝ፣ እንድትኖር እፈልጋለሁም ብያታለሁ፣ ስለዚህ ፈቃዷ ንጹሕ አይደለም አላት። ዶክተሯ እሱን ከክፍሉ አስወጥታ ከሎሳና ጋር እንደ አዲስ ጀመረች። ታቫይታ ውስጥ ስለነበረች የተባባሉትን ኋላ ነገረችኝ።

"እምቢ ብትይ ወንድምሽ የሚቀየምሽ ይመስልሻል?" አለቻት ዶክተሯ።

"አይቀየመኝም" አለች ሎሳና። "እምቢ ብል ግን እንደገና ዝም ይላል።"

ዶክተር ኒርማላ ብዕሯን አስቀመጠች። ተነስታ ወጣች፤ ኤሞሲን በር ላይ አግኝታ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ተመልሳ መጣች። "ጠይቄዋለሁ" አለቻት። "ጥናቱ ውስጥ ገባሽም አልገባሽም ያናግርሻል። አሁን ስለ መድኃኒቱ ብቻ አስቢ።" ሎሳና አሰበች። በማግስቱ፣ እንግዲያው ልሞክረው አለች።

ያ መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ባወራውና ባወራው አልጠግበውም። ሎሳና ከታቫይታ ጋር ከተማ ያለው የኤሞሲ ክፍል ገባች፤ እሱ ጎረቤት ተጠግቶ አደረ። ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ጀርባና ጀርባ ሆነው፤ ቀስ በቀስ ጎን ለጎን። ያልተባለ ነገር ሁሉ ይባላል። አባታቸው የሰጠመ ቀን እያንዳንዳቸው የት እንደነበሩ ለካ አንዳቸው የሌላውን አያውቁም ነበር። እሱ በሠርጉ ቀን ሊፈራ ሲል ከአጥሩ ኋላ የሰማው ሳል የእሷ ነበር፤ አውቃ ነው የሳለችው። እኔ ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ደግሞ ስለ ባርኔጣ ይከራከራሉ።

"ሁሉም ቡናማ" ትላለች። "ስንት ዘመን ቡናማ ባርኔጣ። ሰው ቀለም የሌላት እህት ኖሮት ትንሽ ቀለም አይገዛላትም?"

"ቡናማ የምትወጂ መስሎኝ ነው።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም" አለ ኤሞሲ፤ ሁለቱም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። በነጋታው ቢጫ ገዛላት፤ ከሩቅ ስትታይ የበሰለ ፓፓያ ትመስል ነበር፣ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

እብጠቱ ሟሸሸ። እኛ ድናለች አልን፤ ታቫይታ መንደር ደውላ አሳማ አሰባች። ኤሞሲ ግን የሚቆረጥበትን ቀን ይቆጥር ነበር። ቆረጡት። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ሸፈኑት፤ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ግን ከሥሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ አገኘው። የሚቻለውን አነሳ። ቁስሉ ሳይደርቅ አንገቷ ሥር ሌላ ወጣ። ዶክተር ኒርማላ መጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እውነቱን ነገረቻት፦ መድኃኒቱ ለሌሎች ሠርቷል፣ ለአንቺ ግን በበቂ አልሠራም። ሎሳና የሠራላቸውን ሰዎች ስም ጠየቀች። ዶክተሯ ስም አልናገርም ስትላት፣ እንግዲያው ደስ ብሎኛል በይልኝ አለቻት።

ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ የሚለውን ማንም አልተናገረውም። ኤሞሲ ግን እብጠቱ ያኔ ምን ያህል እንደነበር በዓይኑ አይቶታል። ታቫይታም ያን ቀን እንዴት እንደሳቀች ታስታውሳለች።

ሎሳና ቤቴ መልሱኝ አለች፤ መለስናት። በተጋደመችበት ሰሌን ራስጌ ኤሞሲ ተቀምጦ ያወራታል፤ ስትደክም እሱ ብቻውን ያወራል። የመንደሩ ሰው በደጅ ሲያልፍ የወንድሟን ድምፅ እየሰማ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። አንድ ረፋድ እሱ እያወራላት፣ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም፣ ሞተች። ያወራውን ጨርሶ ነው የጠራን።

ታቫሌ ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን ማሳቅ አለበት፤ ወጉ ነው። እኔ ለሦስት ቀን አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ የመጣው ነገር ከሞቱ የባሰ ነው። ወሬው ከለቅሶው ቤት ተነሳ፤ ከባልቴቶቹ ይሁን ከወንዶቹ አላውቅም። ወንድሟ ስላናገራት ሞተች ተባለ። ክብሯን ስለሰበረ፤ ስሟን ጠርቶ ከደጃፍ ስለመለሳት። ጥርሱን ለእምቢታ ስላቀረበ። ወሬው ከኤሞሲ ጀልባ ቀድሞ መንደሮቹን ሁሉ ደረሰ። ታቫይታ የሰማች ቀን ወደ ወደቡ ወርዳ፣ የገደላት ሳቄ ነው፣ እኔን በሉ ብላ ለሴቶቹ ተናገረች፤ ሴቶቹም እንደ ልማዷ የምትቀልድ መሰላቸው።

ኤሞሲ ሥራውን አልተወም። ዝናቡ ሲያቆም ወደ አንድ ሩቅ መንደር ሲሄድ ሞተሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሰው ተሰልፏል። አንድ ጎልማሳ ተራው ደርሶ ተቀመጠ፤ ሸሚዙን ግን አላወለቀም። ከአዳራሹ ውጭ፣ ሴቶቹ መሐል፣ ነጭ ሆና የተወለደች አንዲት ሴት እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ሰውዬው ወንድም እንደሚያደርገው በዚያ በኩል ላለማየት አንገቱን አጣሞ ነበር።

"እውነት ነው አናግረሃት ሞተች የሚሉት?" አለው ኤሞሲን፣ በለሆሳስ።

ኤሞሲ መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ። "አናግሬያት ሞተች" አለ። "ዘግይቼ ነው ያናገርኳት።"

ሰውዬው የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። ከኋላው የቆሙት መቁነጥነጥ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ኤሞሲ ጠጋ ብሎ፣ መጀመሪያ ምን ብለህ ጀመርክ አለው። ኤሞሲ ሰልፈኛው እየጠበቀ፣ እዚያው ሰሌኑ ላይ ወደ ሰውዬው ዝቅ ብሎ ይነግረው ጀመር።